የዝምታ ሥልጣን፦ የራውተርን ነባሪ የመንገድ ምርጫ የመሻር ታሪክ

ለሕዝብ ክፍት ከነበረ የፋኩልቲው ንግግር የተገለበጠ



የዛሬው ርእሴ ከታሪክ ይልቅ ለምህንድስና የቀረበ ሊመስል ይችላል። ራውተር የሚከተለውን ነባሪ የመንገድ ምርጫ ሽሮ በራስ ፖሊሲ መተካት የኔትወርክ ባለሙያ የዕለት ሥራ ነውና። ይህ ሥራ ግን ታሪክ አለው፤ ታሪኩም በመሠረቱ የሥልጣን ታሪክ ነው። መንገዱን የሚወስነው ማን ነው? ባለቤቱ ምንም ሳይናገር ሲቀርስ ዝምታው እንደ ፈቃድ ይቆጠራል ወይስ እንደ ክልከላ? ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ ነባሪውን የመሻር መብት በኢንተርኔት ታሪክ ውስጥ በጊዜ ተገኝቷል፤ የዝምታ ትርጉም ግን ሳይወሰን 28 ዓመት ቆይቷል። ትልልቆቹ አደጋዎች የደረሱትም በዚህ ክፍተት ነው።

በቅድሚያ ቃሉን እንግለጸው። ነባሪ የምንለው፣ ባለቤቱ ሌላ ትእዛዝ እስካልሰጠ ድረስ መሣሪያው የሚከተለውን ደንብ ነው። ራውተር አንድ ፓኬት ሲደርሰው በነባሪው የሚመለከተው መድረሻውን ብቻ ነው፤ ከየት እንደመጣ፣ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደከፈለበት አይጠይቅም። ከሚያውቃቸው መንገዶች ደግሞ አጭሩን ይመርጣል። አንድ ባለቤት ባለው ኔትወርክ ውስጥ ይህ ደንብ በቂ ነው። ባለቤቶቹ ሲበዙ ግን አጭሩ መንገድ የተፈቀደው መንገድ ላይሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1982 ኤሪክ ሮዘን ባወጡት ሰነድ የተዋወቀው ኢጂፒ የተባለው ፕሮቶኮል ኢንተርኔትን «ራስ ገዝ ሥርዓቶች» በሚባሉ ክፍሎች ለየ። እያንዳንዱ ተቋም በውስጡ እንደፈቀደ ይተዳደራል፤ ከውጭ ካሉት ጋር በድንበሩ ላይ ብቻ ይነጋገራል። ይሁን እንጂ ኢጂፒ የታሰበው አንድ ግንድና ከእርሱ የሚወጡ ቅርንጫፎች ላሉት ዛፍ ነበር። ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ በቀጥታ ሲገናኝ መንገዱ ዞሮ ወደ ራሱ ሊመለስ ይችላል፤ ኢጂፒ ይህን የሚያውቅበት ዘዴ አልነበረውም። ስለዚህ ራስ ገዝነቱ በስም ቢሰጥም በአቅጣጫ ምርጫ ረገድ ገና አልተሟላም ነበር።

ጥያቄውን ከጽንሰ ሐሳብ ወደ ገንዘብና ወደ ሕግ ያመጣው ኤንኤስኤፍኔት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በ1986 በሴኮንድ 56 ኪሎቢት በሚያስተላልፉ መስመሮች የጀመረው ይህ የጀርባ አጥንት፣ በ1988 በሚሺጋኑ ሜሪት፣ በአይቢኤምና በኤምሲአይ ትብብር ወደ 1.5 ሜጋቢት አደገ። ወጪውን መንግሥት ስለሚሸፍን አገልግሎቱ ለምርምርና ለትምህርት የተወሰነ ነበር። የንግድ ድርጅት ፓኬት አጭሩ መንገድ በዚያ በኩል ቢሆንም እንኳ በዚያ ማለፍ አልነበረበትም።

የተሰጠው መፍትሔ ዛሬም ቢሆን ትኩረት የሚገባው ነው። በፌብሩዋሪ 1989 የአይቢኤሙ ያኮቭ ሬኽተር ባወጡት ሰነድ እንደተገለጸው፣ የጀርባ አጥንቱ ጎረቤት ኔትወርኮች «ይህ አድራሻ በእኔ በኩል ይገኛል፤ ርቀቱም ይህን ያህል ነው» ሲሉ ቃላቸውን እንዳለ አይቀበልም ነበር። ሜሪት የሚጠብቀው የፖሊሲ መዝገብ ነበረ። በመዝገቡ ያልሰፈረ አድራሻ አያልፍም፤ ለሰፈረው ደግሞ ጎረቤቱ የነገረው ርቀት ተሽሮ በመዝገቡ የተጻፈው ይተካል። ስለዚህ በኤንኤስኤፍኔት ድንበር ላይ ዝምታ ክልከላ ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ሬኽተርና የሲስኮው ከርክ ሎኪድ በኦስቲን፣ ቴክሳስ በተደረገ የኢንተርኔት መሐንዲሶች ስብሰባ ላይ ተገናኝተው፣ የአዲስ ፕሮቶኮል ንድፍ በምግብ ጠረጴዛ ናፕኪን ላይ ነደፉ። ንድፉ በጁን 1989 ቢጂፒ በሚል ስም በሰነድ ወጣ። ጊዜው የፖሊሲ ክርክር የተፋፋመበት ነበር፤ በሜይ ዴቪድ ክላርክ፣ በጁን ሃንስ ቨርነር ብራውን በፖሊሲ ስለሚመራ የመንገድ ምርጫ የየራሳቸውን ሰነድ አውጥተዋል።

ቢጂፒ ያመጣው ለውጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነገር ይችላል፦ የርቀት ቁጥር በመናገር ፈንታ መንገዱ ያለፈባቸውን ራስ ገዝ ኔትወርኮች ዝርዝር ይናገራል። አንድ ኔትወርክ በዝርዝሩ ውስጥ የራሱን ቁጥር ካየ መንገዱ ዞሮ እንደመጣ ያውቃል፤ ይጥለዋል። ዛፍ መሆን ቀረ፤ ማንም ከማንም ጋር መገናኘት ቻለ። ከሁሉም በላይ የምርጫው ቅደም ተከተል ተለወጠ። ዛሬ በምንጠቀምበት አራተኛው ቢጂፒ፣ ራውተሩ የመንገዱን ርዝመት ከማየቱ በፊት ባለቤቱ ራሱ የሰጠውን የውስጥ ምርጫ ቁጥር ይመለከታል። ሁለት አቅራቢዎች ያሉት ዩኒቨርሲቲ ለርካሹ 200፣ ለውዱ 100 ብሎ ቢጽፍ፣ የርካሹ መንገድ በሦስት ኔትወርኮች ቢረዝምም እንኳ የሚመረጠው እርሱ ነው። ለዚህም ማንንም አያስፈቅድም፣ ምክንያቱንም ለማንም አይገልጽም። አጭሩ መንገድ ይመረጥ የሚለው ነባሪ በአንድ መስመር ተሻረ ማለት ነው።

ይህ ነጻነት ዋጋ ነበረው። ሦስት ጎረቤታሞች፣ ሀ፣ ለ እና ሐ፣ ወደ አንድ መድረሻ የየራሳቸው ቀጥተኛ መንገድ አላቸው እንበል። ሀ ግን በለ በኩል፣ ለ በሐ በኩል፣ ሐ ደግሞ በሀ በኩል መሄድን ከራሳቸው መንገድ ያስበልጣሉ። ሀ በለ በኩል ሲሄድ ሐ የሀን ቀጥተኛ መንገድ ያጣና ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ለ ወደ ሐ ይዞራል፤ ለ ሲዞር ሀ የያዘውን ያጣል። ዙሩ ማብቂያ የለውም። ከሦስቱ አንዳቸውም አልተሳሳቱም፤ እያንዳንዱ ምክንያታዊ ሆኖ ሳለ ድምሩ እረፍት የሌለው ሆነ። ሊሺን ጋኦና ጄኒፈር ሬክስፎርድ በ2001 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ኔትወርኮች የደንበኛቸውን መንገድ ከሌላው ካስቀደሙና ስለሚያሻግሩት ትራፊክ በንግድ ግንኙነታቸው የተለመደውን ሥርዓት ከጠበቁ፣ ያለ ማዕከላዊ ተቆጣጣሪ ሊረጋጉ ይችላሉ። ኢንተርኔት የቆመው በፕሮቶኮሉ ብቻ ሳይሆን፣ ፕሮቶኮሉ በማያስገድደው ልማድ ጭምር ነው።

አሁን ወደ ዝምታ እንመለስ። ኤንኤስኤፍኔት በኤፕሪል 30 ቀን 1995 ተዘጋ፤ ቦታውን የንግድ ኔትወርኮች ተረከቡ። የመንገድ መዝገቦች አልጠፉም፤ ነገር ግን መዝገቡን በድንበሩ ላይ የሚያስከብር አንድ በረኛ ቀረ። መመዝገብም፣ መዝገቡን አይቶ ማጣራትም የየባለቤቱ ፈቃድ ሆነ። የቢጂፒ ሰነዶች ደግሞ ባለቤቱ ፖሊሲ ሳይጽፍ ቢቀር ምን ይሁን ለሚለው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጡም። በብዙ ራውተሮች ላይ መልሱን አምራቹ ሰጠው፦ የመጣውን ሁሉ ተቀበል፣ የተቀበልከውን ሁሉ ንገር። አበው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ይላሉ፤ በራውተር ዘንድ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሁሉም የሚገባው ዝም ባለው አፍ ነበር።

ውጤቱ ለመታየት ሁለት ዓመት ፈጀበት። በኤፕሪል 25 ቀን 1997 ቁጥሩ 7007 የሆነ ኔትወርክ ከሌሎች የሰማውን የኢንተርኔት መንገድ ሰንጠረዥ ብዙውን ክፍል በትንንሽ የአድራሻ ክልሎች ሸንሽኖ፣ ሁሉም የራሱ እንደሆነ አድርጎ ተናገረ። ራውተር ጠበብ ያለውን የአድራሻ ክልል ከሰፊው ያስበልጣልና የብዙዎች ትራፊክ ወደዚያ ጎረፈ፤ አነስተኛው ኔትወርክም ሊሸከመው አልቻለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ይታወቃል። በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም፣ መንግሥት ዩቲዩብ እንዲዘጋ ባዘዘው መሠረት፣ የዩቲዩብን ትራፊክ ወደ ባዶ የሚመራ መንገድ አበጀ። ይህ በራሱ ክልል ውስጥ ነባሪውን መሻር ነበር። ነገር ግን 208.65.153.0/24 የሚለው መንገድ ድንበሩን አልፎ ወደ አቅራቢው ፒሲሲደብልዩ ደረሰ፤ አቅራቢውም ሳያጣራ ለዓለም ነገረው። ዩቲዩብ ራሱ ሲናገር የነበረው ሰፋ ያለውን 208.65.152.0/22 ስለነበር ጠባቡ አሸነፈ። ዩቲዩብ በመጀመሪያ እኩል የሆነውን /24፣ ቀጥሎም ይበልጥ ጠባብ የሆኑትን ሁለት /25 በመናገር ተከላከለ፤ ችግሩ ፈጽሞ የተወገደው ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ አቅራቢው የተሳሳተውን መንገድ ሲያነሳ ነው። ልብ በሉ፦ ለአገር ውስጥ የታሰበ ትእዛዝ የዓለም ትእዛዝ የሆነው ድንበሩ ላይ «እስከዚህ ድረስ» የሚል ቃል ስላልነበረ ነው።

መልሱ በጁላይ 2017 መጣ። አርኤፍሲ 8212 የተባለው አጭር ሰነድ የቢጂፒን መሠረታዊ ደንብ አሻሽሎ፣ ከውጭ ጎረቤት ጋር በሚደረግ ግንኙነት ባለቤቱ ግልጽ ፖሊሲ እስካልጻፈ ድረስ ምንም መንገድ እንዳይገባ፣ ምንም መንገድም እንዳይወጣ ደነገገ። በሌላ አነጋገር የ1989ኙ የኤንኤስኤፍኔት መርሕ ተመለሰ፤ በአንድ ማዕከላዊ መዝገብ ሳይሆን በእያንዳንዱ ራውተር ውስጥ። ለውጡ ቀላል አልነበረም። በአሮጌው ነባሪ ተማምኖ ለዓመታት የሠራ ኔትወርክ ሶፍትዌሩን ባደሰ ማግስት ከዓለም ሊቆረጥ ይችላልና፣ ነባር ተጠቃሚዎችን ላለመጉዳት መዘግየት አግባብ ነው የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ኤፍአርአር የተባለው በነጻ የሚገኝ የራውተር ሶፍትዌር አዲሱን ደንብ ነባሪ ያደረገው በ2020 ነው።

ይህ ታሪክ የሌላ አገር ሰዎች ታሪክ ብቻ አይደለም። አንድ መውጫ ብቻ ላለው ተቋም «የማታውቀውን ሁሉ ወደዚያ ላክ» የሚል አንድ ነባሪ መንገድ ይበቃዋል፤ ፖሊሲ የሚያስፈልገው ምርጫ ሲኖር ነው። በአገራችን የቴሌኮም አገልግሎት ለብዙ ዘመን በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ቆይቶ፣ በኦክቶበር 2022 ሁለተኛ ኦፕሬተር ሥራውን በይፋ ጀምሯል። ጎረቤት ሲበዛ ድንበር ላይ የሚጻፈው ቃልም ይበዛል፤ ያንን ቃል የሚጽፉት ዛሬ በእነዚህ ወንበሮች ላይ ያላችሁ ተማሪዎች ትሆናላችሁ።

አዲሱ ነባሪም ቢሆን በአንድ መስመር ትእዛዝ ይሻራል። በላቦራቶሪ ሁለት ራውተሮች አገናኝታችሁ መንገድ አላልፍ ሲላችሁ፣ ያቺን መስመር ጽፎ መገላገል ያጓጓል፤ ሥራውም ወዲያው ይሠራል። በዚያች ቅጽበት የምትሽሩት ግን ከ1997 እና ከ2008 የተገኘውን ትምህርት ነው። መሻር መብታችሁ ነው፤ ይህ መብት ባይኖር ኢንተርኔትም ባልኖረ ነበር። ከመሻራችሁ በፊት ግን ነባሪውን ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው አደጋ በኋላ እንዳኖረው ጠይቁ።