ቀኑ ደርሶ ነውን?

ሰው ሐኪም ቤት ገብቶ ሲሞት በሀና ማርያም ለቅሶ ቤት የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው።» ዕድርተኛው ራሱን ይነቀንቃል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ታዲያ ሟቿ በወሊድ ላይ ሳለች ችላ ተብላ ከሆነስ? ቀኑ ነው የገደላት ወይስ ሰው?

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ከ3,700 ዓመታት ገደማ በፊት በወጣው በባቢሎኑ ንጉሥ በሐሙራቢ ሕግ፣ ጨዋ ሰው በሐኪም ቢላዋ ከሞተ የሐኪሙ እጅ ይቆረጥ ነበር። ሟቹ የተራ ሰው ባሪያ ከሆነ ግን ባሪያ በባሪያ መተካት ይበቃል። ፍርዱ የሟቹን መደብ አይቶ ነበር ማለት ነው!

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲታወጅ አዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ እንኳ አልነበራትም። ሕጉ ግን ነገሩን አልዘለለውም። ሐኪም በሽተኛውን የማዳን ግዴታ የለበትም፤ የሙያውን ደንብ የመጠበቅ ግዴታ ግን አለበት። በቸልታ ጉዳት ካደረሰ ይክሳል፤ የቀጠረው ሐኪም ቤትም ተጠያቂ ነው። ሰው ከሞተም ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች ካሣ መጠየቅ ይችላሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በ543ኛው አንቀጽ ሐኪምንና ሾፌርን ጎን ለጎን ጠርቶ፣ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ባለሙያ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል ይላል።

እንግዲህ ሕግ አልጠፋም። የጠፋው ጠያቂ ነው። ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሣ ክስ በ2 ዓመት ይታገዳል፤ አርባውና ሙት ዓመቱ ሲወጣ ግማሹ ጊዜ አልቋል። የሕክምና ካርዱ ያለው በተከሳሹ እጅ ነው። ዳኛው ሕክምና ስላልተማረ ባለሙያ ይጠይቃል። በ2006 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 299 የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ መቋቋሙ አቤት ማያ በር ከፍቷል፤ ነገር ግን እዚያም ሐኪምን የሚመዝነው በአብዛኛው የሙያ ባልደረባው ነው።

ሐኪሙም ወገናችን ነው። ጓንትና ኦክሲጅን በሌለበት ክፍል ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር ሰው የተቋሙን ጥፋት ብቻውን ሊሸከም አይገባም። ለዚህም ነው መጠየቅ ጠላትነት የማይሆነው፤ ጥፋቱ የእጁ ይሁን ወይስ የባዶው መጋዘን የሚለየው ሲጠየቅ ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ይህ ለሐኪም ቤቱም ይሠራል።