አሠልጣኝ ብቻውን ቡድን ይሠራልን? ስለ 1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ የቀረበ አጭር ጥናት

በትምህርት ቤቶቻችን ሜዳ አዲስ አሠልጣኝ በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። ቡድኑ ሲያሸንፍ ምስጋናው ሁሉ ለአሠልጣኙ ይሰጣል፤ ሲሸነፍም ወቀሳው ሁሉ በእርሱ ላይ ይወርዳል። ይህ ፍርድ ምን ያህል እውነት እንደሆነ በታሪክ ለመመርመር ስለ ፈለግን፥ ውጤቱ በቁጥር የታወቀ አንድ ምሳሌ መርጠናል። ይኸውም በአቶ ይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ነው።

አቶ ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. በጅማ ቢወለዱም፥ አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የምንጃር ሰው ነበሩ። እኒህ ባለቅኔ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ መሆናቸው የታወቀ ነው። ይህን የጠቀስነው ክብሩን ወደ ሰሜን ሸዋ ለመሳብ ብለን ሳይሆን፥ የአሠልጣኙን አመጣጥ ለማስረዳት ያህል ነው።

የአንድን ሥራ ዋጋ ለማወቅ አስቀድሞ የነበረውን ማየት ይገባል። በየካቲት 1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲደረግ፥ ኢትዮጵያ ልትገጥመው የነበረው የደቡብ አፍሪካ ቡድን ነጮችንና ጥቁሮችን ቀላቅሎ ለማምጣት እምቢ በማለቱ ተሰረዘ። ስለዚህ ቡድናችን ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደረሰ፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ0 ተሸነፈ። በግንቦት 1951 ዓ.ም. በካይሮ ደግሞ በግብፅ 4 ለ0፥ በሱዳን 1 ለ0 ተሸነፈ። ሲደመር በሦስት ጨዋታ 9 ጎል ገባበት፤ እርሱ ግን አንድም አላገባም።

ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ የተጀመረው፥ በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ጎረምሳው ጎራ ለይቶ ሩር የሚመታበት የገና በዓል በዋለ በሳምንቱ፥ ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ቀን ቱኒዚያ 2 ለ0 ስትመራ ቆይታ በኢትዮጵያ 4 ለ2 ተሸነፈች። ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፥ ጥር 13፥ የፍጻሜው ጨዋታ ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ከምትባለው ከግብፅ ጋር ሆነ። ባዳዊ አብደል ፈታህ ሁለት ጊዜ ግብፅን መሪ አደረገ፤ በመጀመሪያ ግርማ ተክሌ፥ ቀጥሎም ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጎል ጨምረው ጨዋታው 4 ለ2 ተፈጸመ። ዋንጫውንም አምበሉ ሉቻኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

እንግዲህ ከ0 ወደ 8 ጎል ያደረሰው ምንድን ነው? በመጀመሪያ አሠልጣኙን የማይመለከቱትን ምክንያቶች እናስቀምጥ። ውድድሩ በገዛ አገር ነበር፤ አራት ቡድኖች ብቻ ስለ ተሰለፉም በሁለት ድል ዋንጫ ይገኝ ነበር። ዳግመኛም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በደብረ ብርሃን ሜዳ የተጫወተ ሁሉ፥ ከቆላ የመጣ እንግዳ ቡድን ከዕረፍት በኋላ እንዴት ትንፋሽ እንደሚያጥረው ያውቃል፤ ሁለቱ የድል ጎሎች በጭማሪው ሰዓት መግባታቸውም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው።

ነገር ግን ከፍታ ብቻውን ጎል አያገባም። ቡድኑ በሁለቱም ጨዋታ ተመርቶ ነው ያሸነፈው። ከዚህም ሌላ በአንድ ሰፈር ልጆች የቆመ አልነበረም። መንግሥቱ ወርቁ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነው፤ ወንድማማቾቹ ቫሳሎዎች ያን ጊዜ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከነበረችው ከኤርትራ፥ ከጣሊያናዊ አባት የተወለዱ ናቸው፤ ሌሎችም ብዙዎች ከዚያው የመጡ ነበሩ። በ1936 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው የመጀመሪያ የአገር ውስጥ ሻምፒዮና ጣሊያኑ፥ አርመኑ፥ ግሪኩና እንግሊዙ በየራሱ ቡድን ተለይቶ ይጫወት እንደነበር ስናስታውስ፥ ይህ አንድነት ትልቅ እርምጃ መሆኑ ይታያል።

የአሠልጣኙ ድርሻ ለእኛ የሚታየን እዚህ ላይ ነው። አቶ ይድነቃቸው በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ተጫዋች፥ ከእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ መሥራቾች አንዱ፥ በ1949ም በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከነበሩት አንዱ ናቸው። ስለዚህ ሹመቱ አዲስ ቢሆንም ሰውየው ለሥራው አዲስ አልነበሩም፤ በ1954 ያጨዱት ከሃያ ዓመት በላይ ከሌሎች ጋር የዘሩትን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውም ይህንኑ ያስረዳል። በ1956 ዓ.ም. በጋና ኢትዮጵያ አራተኛ ወጣች፤ ዋንጫውንም ዳግመኛ አላገኘችም። በኅዳር 1955 ዓ.ም. የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈረሰ፤ ረጅም ጦርነትም ተከተለ። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፥ እስከ ነሐሴ 1979 ዓ.ም.፥ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል፤ ይሁን እንጂ የአንድ ሰው ክብር ከፍ ማለቱ የአገሩን ቡድን በዋንጫው ላይ ሊያቆየው አልቻለም።

ስለዚህ መልሳችን ይህ ነው። አሠልጣኝ የተበተነውን ይሰበስባል፥ የተከፋውን ያጽናናል፥ የተመራውን ቡድን ዳግመኛ ያስነሣል፤ የሚሰበሰብ ተጫዋች ግን አስቀድሞ በየሜዳው ካልበቀለ በአንድ ወራት ሊፈጥረው አይችልም። በኮሌጆቻችንም አዲስ አሠልጣኝ ሲመጣ፥ ከመፍረዳችን በፊት ከእርሱ በፊት ምን እንደተዘራ ብንጠይቅ ፍርዳችን ይቀናል እንላለን።