ኮስታሪካ፦ ተመንጥሮ የበቀለ ደን አገር

ኮስታሪካ በመካከለኛው አሜሪካ የምትገኝ፣ በሰሜን ከኒካራጓ፣ በደቡብ ምሥራቅ ከፓናማ የምትዋሰን፣ በአንድ ወገን የካሪቢያን ባሕር በሌላው ወገን ሰላማዊ ውቅያኖስ የሚያካልሏት ትንሽ ሪፐብሊክ ናት። ስፋቷ 51,100 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧ 5 ሚሊዮን ገደማ፣ ዋና ከተማዋ ሳን ሆሴ፣ የመንግሥት ቋንቋዋ ስፓኒሽ፣ ገንዘቧ ኮሎን ነው። ስሟ በስፓኒሽ «ባለጸጋዋ ጠረፍ» ማለት ነው። ክሪስቶፈር ኮሎምበስ በ1502 በአራተኛ ጉዞው የካሪቢያን ዳርቻዋ ላይ ደርሶ ነበር፤ ስፔናውያን የተመኙትን ያህል ወርቅ ግን አላገኙባትም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ጎብኚ የሚጎርፍላት ለደኗ፣ ለአእዋፏ፣ ለእሳተ ገሞራዎቿና ለባሕር ዳርቻዎቿ ሲሆን፣ አስጎብኚ ድርጅቶችም የሰው እጅ ያልነካት የተፈጥሮ ገነት አድርገው ያስተዋውቋታል። ይህ ውዳሴ ቢመስልም አገሪቱን ያሳንሳታል። ጎብኚው ከሚያየው አረንጓዴ ብዙው አንድ ጊዜ ተመንጥሮ እንደገና የበቀለ፣ ወይም ሊመነጠር ሲል በሕግ የተረፈ ነው። ስለዚህ ኮስታሪካን ማወቅ የሚፈልግ ሰው የዝናቧን መጠን ከማወቁ በፊት ሕዝቧ ምን ምን እንደወሰነ ቢያውቅ ይበጀዋል።

የመልክዓ ምድሯ ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እምብዛም እንግዳ አይደለም። ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተዘረጋ የተራራ ሰንሰለት አገሪቱን ለሁለት ይከፍላታል፤ ከፍተኛው ጫፍ ቺሪፖ 3,820 ሜትር ይደርሳል። ጠረፉ ሞቃትና ወበቃማ ቆላ ነው። ሳን ሆሴ የተቆረቆረችበት ማዕከላዊ ሸለቆ ከ1,100 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው አየሩ ከእኛ ወይና ደጋ ጋር ይቀራረባል፤ ከዚያ በላይ ብርድ አለ፣ ጉም አለ። የወቅቶቹ አጠራርም እንደኛው ነው። አገሪቱ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ብትሆንም ሰዎቿ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ያለውን ደረቅ ጊዜ በጋ፣ ከግንቦት እስከ ኅዳር ያለውን ዝናባማ ጊዜ ክረምት ይሉታል። ይህ ግን በሰላማዊ ውቅያኖስ በኩል ላለው ግማሽ ነው። በካሪቢያን በኩል ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል፤ እንዲያውም ሌላው ክፍል በዝናብ በሚርስባቸው በመስከረምና በጥቅምት እዚያ ፀሐይ ይበዛል። በመጋቢት ወደ ሰሜን ምዕራቡ ጓናካስቴ የሄደ ሰው ደግሞ ቅጠሉን ያራገፈ ዛፍና የነደደ ሣር ያገኛል። ይህ የሐሩር ደረቅ ደን ነው፤ ከጉም ደኑ ይልቅ በዓለም ላይ የተመናመነው እሱ ስለሆነ፣ ለሚያስተውል ጎብኚ የበለጠ ብርቅ ነው።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጋመስ ከአገሪቱ መሬት አብዛኛው ገና በደን የተሸፈነ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት አሥርት ዓመታት የመጥረቢያ ዘመን ሆኑ። መሬትን «ማልማት» ማለት ዛፉን ቆርጦ ግጦሽ ማድረግ ነበር፤ ደኑን የመነጠረ ሰው የባለቤትነት መብት ያገኛል፣ ባንክም ለከብት እርባታ በርካሽ ወለድ ያበድራል፣ ሥጋው ወደ ሰሜን አሜሪካ ይላካል። በ1980ዎቹ የደኑ ሽፋን ወደ ሩብ ገደማ ወርዶ አገሪቱ በዓለም ፈጥነው ደናቸውን ከሚያጡት መካከል ተቆጠረች። መልሱ ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው ቀደም ብሎ፣ በ1970 አካባቢ፣ በማሪዮ ቦሳና በአልቫሮ ኡጋልዴ ጥረት የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት መቋቋሙ ነው፤ ዛሬ ከምድሪቱ ሩብ ያህሉ በአንድ ወይም በሌላ ዓይነት ጥበቃ ሥር ነው። ሁለተኛው የ1996ቱ የደን ሕግ ነው። ይህ ሕግ የተፈጥሮ ደንን ወደ ሌላ የመሬት አጠቃቀም መለወጥን ከለከለ። መከልከል ብቻውን ገበሬን እንደማያበላ የተረዱት የሕጉ አርቃቂዎች ግን ከነዳጅ ግብር በተቆረጠ ገንዘብ ደኑን ለሚጠብቅ ወይም ዛፍ ለሚተክል ባለመሬት ክፍያ አዘጋጁለት። ውሃውን ስላጠራ፣ ካርቦኑን ስላመቀ፣ የእንስሳቱን መኖሪያ ስላቆየ ይከፈለዋል። አሁን ደኑ እንደገና ከአገሪቱ መሬት ከግማሽ በላይ ሆኗል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ደኑን የመለሰው የሥጋ ዋጋ መውደቅ ነው፤ ከ1980ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ወዲህ ከብት አላዋጣ ስላለ ግጦሹ ተተወ፣ የተተወ ግጦሽም በዝናብ አገር በራሱ ጫካ ይሆናል፣ ሕጉ የመጣው ነገሩ ከተጀመረ በኋላ ነው ይላል። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው፤ ማገገሙ ከ1996 በፊት መጀመሩም አይካድም። ነገር ግን ዋጋ ይወድቃል፣ ዋጋ ደግሞ ይነሳል። የተተወ ግጦሽ ላይ የበቀለ ቁጥቋጦ ሃያ ዓመት ሳይነካ ቆይቶ ደን ለመባል፣ ገበያው ሲመለስ መጥረቢያውን የሚገታ እጅ ያስፈልገዋል። ያ እጅ ሕጉ ነበር። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚገኘው በዚያው በጓናካስቴ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሥነ ሕይወት ተመራማሪው ዳንኤል ጃንዘን ሐሳብ አንድ የጭማቂ ፋብሪካ ወደ 1,000 የጭነት መኪና የሚሆን የብርቱካን ልጣጭ ነፍሱ ባለቀ 3 ሄክታር የቀድሞ ግጦሽ ላይ እንዲደፋ ተደረገ። ተፎካካሪ ድርጅት ከስሶ ሥራው በፍርድ ቤት ቢቆምም፣ ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ የተመለሱት አጥኚዎች ቦታውን ለመለየት እስኪቸገሩ ድረስ ጫካ ውጦት አገኙት። ልጣጩ ካልተደፋበት አጎራባች መሬት ጋር ያለው ልዩነት ሰፊ ነበር። መሬቱ በተጠበቀ ክልል ውስጥ ባይሆን ኖሮ ግን የለማው አፈር ማንንም ለእርሻ ይጋብዝ ነበር።

ከደኑ በፊት የተወሰነ ሌላ ትልቅ ውሳኔም አለ፤ ይኸውም ሠራዊትን ማፍረስ ነው። በ1948 አወዛጋቢ በሆነ ምርጫ ሰበብ ለ44 ቀን የዘለቀ የእርስ በርስ ጦርነት ከተካሄደ በኋላ፣ አሸናፊው ሆሴ ፊገሬስ ፌሬር ታኅሣሥ 1 ቀን በሳን ሆሴ የቤያቪስታ ምሽግን ግንብ በመዶሻ መትቶ ሠራዊቱ መፍረሱን አወጀ። ምሽጉ ብሔራዊ ሙዚየም ሆነ፤ የጥይት ቀዳዳዎቹ ዛሬም በማዕዘኑ ማማዎች ላይ ይታያሉ። የ1949ኙ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 12 ቋሚ ሠራዊትን ከለከለ። አንዳንዶች ይህን በአሜሪካ ጥላ ሥር ያለች ትንሽ አገር ቅንጦት ነው ይሉታል። በ1955 ከኒካራጓ በኩል ወረራ ሲመጣባት የአሜሪካ አህጉር መንግሥታት ድርጅት እንደደረሰላትም ያስታውሳሉ። ፊገሬስ ራሱ መፈንቅለ መንግሥት አድራጊ ጦር በጀርባው እንዳይኖር መፈለጉም ግልጽ ነው። ይሁንና በዚያው ጥላ ሥር የነበሩት ጎረቤቶቿ ጓቲማላ፣ ኤል ሳልቫዶርና ኒካራጓ የሄዱበት መንገድ የታወቀ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ለጦር የሚውለው ገንዘብ ለትምህርትና ለጤና እንዲውል መደረጉ ነው። ሞንቴቬርዴ የሚባለው ዝነኛ የጉም ደን የተጠበቀውም በዚህ ውሳኔ ምክንያት ነው። በ1951 ከአላባማ የመጡ የክዌከር እምነት ተከታዮች የአገራቸውን ወታደራዊ ምልመላ ሸሽተው ሠራዊት የሌላት አገር መረጡ፤ እዚያ ተራራ ላይ የወተት ከብት ሲያረቡ የምንጫቸውን ውሃ ለማዳን ከላያቸው ያለውን ጫካ ሳይነኩ ተዉት።

ቡናን በተመለከተ የኮስታሪካ ታሪክ ከኢትዮጵያ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መንግሥት ቡና ለሚተክል መሬት እየሰጠ ምርቱን አስፋፋ፤ ፍሬው በበሬ በሚጎተት ጋሪ ወደ ፑንታሬናስ ወደብ ይጓዝ ነበር፣ እነዚያ በቀለም ያጌጡ ጋሪዎችም ዛሬ የአገሪቱ መለያ ናቸው። በ1897 የተመረቀው የሳን ሆሴ ብሔራዊ ቴአትርም ግንባታው የተጀመረው ወደ ውጭ በሚላክ ቡና ላይ በተጣለ ቀረጥ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ከዋና ከተማው በስተ ምሥራቅ በቱሪያልባ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከጌሻ ጫካ አካባቢ የተለቀመ ዘር በምሥራቅ አፍሪካ ጣቢያዎች በኩል አልፎ በ1953 ቱሪያልባ ደረሰ። ከዚያ ወደ ፓናማ ተሻግሮ በ2004 በዚያች አገር የቡና ውድድር አሸነፈና «ጌሻ» የሚለው ስም በዓለም ውድ ከሆኑት ቡናዎች የአንዱ መጠሪያ ሆነ። በ1960ዎቹ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ጉዞ ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ ሌሎች ዝርያዎችም በዚያው ማሳ ላይ በሕይወት አሉ። ቡና ወዳድ ኢትዮጵያዊ ተጓዥ ሌላውን ሁሉ ቢዘል ይህን መዝለል የለበትም።

የካሪቢያኗ ሊሞን ደግሞ ሌላ ዓለም ናት። ቡናውን ወደ አትላንቲክ ለማውረድ የተዘረጋውና በ1890 የተጠናቀቀው ባቡር የተሠራው በአብዛኛው ከጃማይካ በመጡ ሠራተኞች ላብ ነው፤ ሐዲዱን ተከትሎ የሙዝ እርሻ መጣ። የልጅ ልጆቻቸው እስከ ዛሬ የሊሞን እንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ ሩዝና ባቄላ በኮኮናት ወተት ይቀቅላሉ። የጥቁር ሕዝብ መብት ታጋዩ ማርከስ ጋርቬይ በወጣትነቱ እዚህ የሙዝ እርሻ ላይ ሠርቷል፤ ኢትዮጵያን የጥቁር ሕዝብ ተስፋ አድርጎ ያቀረበው የእሱ ትምህርትም በሊሞን ሥር ሰድዶ ነበር። እነዚህ ሰዎች በዜግነት በሙሉ የታወቁት ከ1949 ወዲህ ነው፤ በ1934 የወጣ ሕግ ጥቁር ሠራተኞች በሰላማዊ ውቅያኖስ በኩል ባሉ የሙዝ እርሻዎች እንዳይቀጠሩ ከልክሎ ነበር። ሕገ መንግሥቱ አገሪቱን የብዙ ዘርና የብዙ ባህል ሪፐብሊክ ብሎ የጠራት በ2015 ነው። ይህ ለክርክራችን አስፈላጊ ነው፤ ውሳኔዎች አገርን ይሠራሉ ስንል ክፉዎቹንም ጨምረን መሆን አለበት።

ስለዚህ «አረንጓዴ ስሟ ማስታወቂያ ነው» ለሚሉ ተቺዎች መልሱ እውነታውን በሙሉ ማስቀመጥ ነው። ኮስታሪካ ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል ከውሃ፣ ከምድር እንፋሎትና ከነፋስ ታመነጫለች፤ መኪናዎቿ ግን በነዳጅ ይነዳሉ፣ የሳን ሆሴ የመንገድ መጨናነቅም ከባድ ነው። በሰሜን የተንሰራፋው የአናናስ እርሻ ብዙ ፀረ ተባይ ይጠቀማል፣ የአንዳንድ መንደሮችን የመጠጥ ውሃም በክሏል። በአብዛኛው የአደገኛ ዕፅ ንግድ ባመጣው ጠብ ምክንያት በ2023 ከ900 በላይ ሰው ተገድሏል፤ ይህ በአገሪቱ ታሪክ ከፍተኛው ቁጥር ነበር። ጎብኚው ራሱም ጫና ነው፤ ከአነስተኞቹ ፓርኮች አንዱ የሆነው ማኑዌል አንቶኒዮ የቀን ጎብኚውን ቁጥር ለመገደብ ተገድዷል። እነዚህ ነገሮች የደኑን ማገገም ሐሰት አያደርጉትም። ደኑ በሕግና በበጀት የቆመ እንደመሆኑ፣ ሕጉ ሲላላ ወይም በጀቱ ሲቀንስ ሊወድቅ እንደሚችል ያሳያሉ።

ለጉዞ የሚዘጋጅ ሰው ሁለት የአየር በሮች አሉት፤ አንዱ በዋና ከተማው አቅራቢያ በአላሁዌላ፣ ሌላው በጓናካስቴ በሊቤሪያ። ቢጫ ወባ ካለባቸው በርካታ የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ አገሮች ለሚመጣ መንገደኛ የክትባት ካርድ ግዴታ ነው። አገሪቱ ከጎረቤቶቿ ይልቅ ውድ ናት፤ ምግብ ቤት ውስጥ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ በሕግ ሂሳቡ ላይ ይደመራል። ርቀቱ በካርታ አጭር ቢመስልም የተራራ መንገድ ጊዜ ይበላል። ባሕሩ ላይ ወደ ጥልቁ የሚጎትት ሞገድ በየዓመቱ ሰው ስለሚወስድ የአካባቢውን ሰው ሳይጠይቁ መዋኘት አይገባም። ሁሉን ለማየት ከመሮጥ ሁለት ቦታ መርጦ መቆየት ይሻላል፤ ቢቻል ከእነዚያ አንዱ ቶርቱጌሮ ይሁን። በካሪቢያን ዳርቻ ያለው ይህ መንደር የመኪና መንገድ የለውም፤ የሚደረሰው በጀልባ ወይም በትንሽ አውሮፕላን ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት አረንጓዴዎቹ የባሕር ኤሊዎች በሌሊት ወጥተው አሸዋው ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ቀድሞ እዚህ ኤሊ በገፍ ይታረድ፣ ሥጋው ወደ ውጭ ይጫን ነበር። በ1950ዎቹ አርቺ ካር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ኤሊዎቹን ምልክት እያሰረ መቁጠር ጀመረ፤ በ1970ዎቹ ዳርቻው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። አሁን ጎብኚ በሌሊት ወደ አሸዋው የሚገባው ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር ብቻ ነው፤ ፎቶ ማንሳት የተከለከለ ነው፣ ነጭ መብራትም አይበራም፤ ኤሊዋ ጉድጓዷን ቆፍራ እስክትጨርስ ድረስ ሁሉም በጨለማ ይጠብቃል።