የተተከለ አጥንት ይኖራልን ወይስ ይሞታል?

የተሰበረን አጥንት ማቃናት በየአገሩ የታወቀ የቆየ ጥበብ ነው። በአገራችንም ወጌሻ ስብራቱን አጋጥሞ፣ በእንጨት ደግፎና አስሮ ሲያድን ኖሯል። ነገር ግን አጥንቱ ከመካከሉ ጠፍቶ እንደ ሆነ የሚጋጠም ነገር የለም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጉድለቱን በሌላ አጥንት ለመሙላት የተደረገውን ሙከራና ከዚያ የተነሣውን ክርክር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1668 በታተመው በሆላንዳዊው ሐኪም በዮብ ፋን ሜክረን መጽሐፍ ውስጥ፣ የራስ ቅሉ ተጐድቶ በውሻ አጥንት ስለ ተሞላለት አንድ ሰው ተጽፏል። ቤተ ክርስቲያን ስላወገዘችው አጥንቱ እንዲወጣለት ቢለምን፣ ፈጽሞ ተጣብቆ ስለ ነበር ማውጣት አልተቻለም ይባላል። ከሰው ወደ ሰው የተላለፈ ወሬ ነውና ከማስረጃ ይልቅ ለጨዋታ ይሆናል።

እውነተኛው ምርመራ የተጀመረው በማዕድ ላይ ነው። በ1736 ጆን ቤልቺየር የተባለ የለንደን ሐኪም በአንድ ጨርቅ አቅላሚ ቤት ሲጋበዝ፣ የቀረበው የአሳማ ሥጋ አጥንቱ ቀልቶ አየ። እንስሳው እንደ እንሶስላ ቀይ ቀለም የሚሰጥ የተክል ሥር የነካው መኖ በልቶ ኖሯል። ፈረንሳዊው ዱሃሜል ዱ ሞንሶ ይህንኑ ዘዴ ይዞ አጥንት እንዴት እንደሚያድግ መረመረ፤ አጥንትን የሚሠራው በላዩ ያለው ስስ ልባስ ነው ሲልም ደመደመ። የሊዮኑ ሐኪም ኦሊዬ በ1867 ባወጣው ታላቅ ሥራው ይህን አሳብ አጸና።

የግላስጎው ሐኪም ዊልያም ማኪወን ግን አልተቀበለውም። የላይኛው ክንዱ አጥንት በመግል ተበልቶ የወጣለት አንድ ሕፃን ነበረው፤ እጁ ከመንጠልጠል በቀር ጥቅም አልሰጠውም። በዚያው ዘመን ማኪወን እግራቸው በሪኬትስ የተጣመመ ልጆችን ቅልጥም እየቈረጠ ያቃና ስለ ነበር፣ የሚጣለውን ቍራጭ አጥንት ወስዶ በጥቃቅኑ ከፋፍሎ በሕፃኑ ክንድ ውስጥ ተከለው። ይህን ሦስት ጊዜ አደረገ። የሊስተርን የጀርም መከላከያ ዘዴ ባይከተል ኖሮ ምናልባት ሁሉም በመግል በጠፋ ነበር። ታሪኩን በ1881 አሳተመ፤ ሕፃኑም አድጎ በክንዱ ሥራ ሠራበት።

ማኪወን ቍርጥራጮቹ ራሳቸው በሕይወት ኖረው እንዳደጉ ያምን ነበር። በ1893 ግን ጀርመናዊው ባርት የተተከለ አጥንት አብዛኛው እንደሚሞት፣ የባለቤቱ አጥንትም ቀስ በቀስ እየገባ እንደሚተካው አሳየ። አሜሪካዊው ፌሚስተር በ1914 ይህንኑ «እየዳኸ የሚተካ» ብሎ ሰየመው። ፒተር ሜዳዋር በ1944 በጥንቸል ቆዳ ላይ ያደረገው ምርመራ ደግሞ ሰውነት የሌላውን ሥጋ ለይቶ እንደሚያጠፋ አረጋገጠ። እንግዲህ ከሌሎች ልጆች የተወሰደው የማኪወን አጥንት ሕያው ሆኖ መቅረቱ የሚያጠራጥር ነው። ክንዱ ዳነ፤ ምክንያቱ ግን ሐኪሙ ያሰበው አልነበረም ማለት ነው።

የሞተ አጥንት ይህን ያህል የሚሠራ ከሆነ ኃይሉ ከወዴት ነው? የሎስ አንጀለሱ ማርሻል ዩሪስት በ1965 ከአጥንት ውስጥ ካልሲየሙን በአሲድ አውጥቶ ቀሪውን በእንስሳት ጡንቻ ውስጥ ቀበረው። አጥንት በማይበቅልበት ሥጋ ውስጥ አዲስ አጥንት በቀለ! በሞተው አጥንት ውስጥ የባለቤቱን ሕዋሳት ጠርቶ አጥንት ሠሪ የሚያደርጋቸው ፕሮቲን አለ ማለት ነው። ጂኖቹ በ1988 ተለይተው ታወቁ። እስከ ዛሬም ግን ሐኪሞች አብልጠው የሚመርጡት ከበሽተኛው ከራሱ ዳሌ የሚወሰደውን አጥንት ነው፤ ሕያዋን ሕዋሳቱንም ጠሪውንም ፕሮቲን አንድነት ይዞ ይገኛልና።