የሳይንስ ልብ ወለድ የሚያምረው በምድር ነው ወይስ በጠፈር?

በታሪክ ክፍለ ጊዜ አንድ ቀን ክርክር ተነሣ። ጥያቄው የሳይንስ ልብ ወለድ የሚያምረው ነገሩ በምድር ላይ ሲሆን ነው ወይስ በጠፈር ሲሆን? የሚል ነበር። ለጠፈር እጃቸውን ያወጡት በዙ። ይህን የምንጽፈው ጥቂቶች ግን በቍጥር ብንሸነፍም ነገሩ አልተዋጠልንም፤ ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ክርክራችንን በታሪክ አስደግፈን ለማቅረብ አሰብን። አስተማሪዎቻችንና ወላጆቻችንም ይፍረዱን።

የሳይንስ ልብ ወለድ ማለት በዕውቀትና በብልኀት ሊሠራ የሚችለውን፣ ገና ያልተሠራውን ነገር እንደ ተሠራ አድርጎ የሚተርክ ድርሰት ነው። ብዙ ሰው ይህ ዐይነቱ ድርሰት የእኛን አገር የማይነካ ይመስለዋል። ነገር ግን ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ እ. ኤ. አ. በ1759 ያሳተመው «ራሴላስ» የሚጀምረው በአምሐራ ምድር፣ ዙሪያውን በተራራ በታጠረ ሸለቆ ውስጥ ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዐይኑ አላየም፤ ሎቦ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ቀደም ብሎ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት ነበርና ወሬውን ከዚያ አገኘ። መሳፍንቱ በሸለቆው ተዘግተው መኖራቸውም ፈጽሞ ፈጠራ አይደለም፤ በወሎ በአምባ ግሼን የነገሥታት ልጆች ይጠበቁ እንደ ነበር የታወቀ ነው። መጽሐፉን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውልናል።

በዚያ ሸለቆ አንድ ብልኀተኛ አለ። ይህ ሰው የሌሊት ወፍን ክንፍ መርምሮ ለሰው የሚሆን ክንፍ እሠራለሁ ይላል፤ ጥበቡን ግን ለሌላ ሰው ማስተማር አይፈቅድም። የሰማዩ መንገድ ለክፉ ሰው ከተከፈተ ደጉ የሚጠለልበት ቦታ ያጣል ብሎ ፈራ። ክንፉ በአንድ ዓመት ተሠርቶ አለቀ። ሰውዬውም በሐይቁ ዳር ካለው ከፍታ ላይ ዘለለና ወዲያው ውኃው ውስጥ ወደቀ። በአየር ያልጠቀመው ክንፍ በውኃው ላይ አንሳፈፈው፤ ልዑሉም ጎትቶ አወጣው። ይህ ሲነበብ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ፍርሀቱ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ከ177 ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ. ም. ከተደረገው ከማይጨው ጦርነት ወዲያ፣ ወደ ኋላ ይመለስ የነበረው ሠራዊታችን ከዋጃ በስተ ሰሜን ባለው በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ሲያልፍ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጋዝ አወረዱበት። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ደሴም ተደብድባ ነበር። በሐይቅ ዳር የተተረከው ፍርሀት በሐይቅ ዳር ተፈጸመ። ጆንሰን ክንፉን ያኖረው በሩቅ ኮከብ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አያስደነግጠንም ነበር።

ተቃዋሚዎቻችን ዡል ቬርንን ጠቀሱብን። ቬርን እ. ኤ. አ. በ1865 ባወጣው መጽሐፍ ሰዎችን ትልቅ የመድፍ ጥይት ውስጥ አስገብቶ ከፍሎሪዳ ወደ ጨረቃ ይተኵሳል፤ በ1961 ዓ. ም. አፖሎ 11 የተነሣችውም ከዚያው ከፍሎሪዳ ነው። ድንቅ መሆኑን አንክድም። እኛ ደግሞ ኤች. ጂ. ዌልስን አነሣን። እ. ኤ. አ. በ1898 በታተመው «የዓለማት ጦርነት» በተባለው መጽሐፉ የማርስ ፍጡራን የሚወርዱት በእንግሊዝ መንደሮች ላይ ነው፤ በመጨረሻ የሚገድላቸውም መድፍ ሳይሆን በዐይን የማይታየው የምድራችን ተሐዋሲ ነው።

ክርክሩ የከረረው ስለ ጨረቃ ስንናገር ነው። የአፖሎ የመጨረሻዎቹ ተጓዦች በጨረቃ ላይ የተራመዱት በታኅሣሥ 1965 ዓ. ም. ነበር። በዚያ ጊዜ ወሎ በድርቅ ተመታ ነበር፤ ጆናታን ዲምብልቢ የራቡን ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ. ም. ለዓለም ሲያሳይ ብዙ ሕዝብ አልቋል። በ1977 ዓ. ም. ደግሞ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ያየው ከሜዳችን በላይ በተራራው ያለችውን የኮረምን ራብተኛ ነው። እንግዲህ የአካባቢያችን ሽማግሌዎች ስለ ሰማይ ሲያወሩ ስለ ዝናም ማውራታቸው አይፈረድባቸውም። በራያ ቆላ ሜዳው ደርቆ ሳለ እንኳ ከምዕራብ ባሉት ተራሮች ከዘነመ ጎርፍ ይወርዳል፤ ገበሬውም ጠልፎ ወደ ማሽላው ይመራዋል። ጎርፉ ቶሎ መጥቶ ቶሎ ያልፋል፤ የዘገየ ቀረበት።

በአገራችን የተሠራ ፊልምም አለ። ሚጌል ያንሶ የተባለው የስፔን ሰው በአማርኛ አሠርቶ እ. ኤ. አ. በ2015 ያወጣው «ክራምስ» ነው፤ ፍርፋሪ ማለት ነው። የዓለም ሥልጣኔ ከፈረሰ በኋላ አንድ የዛገ የጠፈር መርከብ በሰማይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ሰው ከሌላ ዓለም የመጣሁ ነኝ ብሎ ያምናል፤ ወደዚያ ለመመለስ ሲል ግን የሚጓዘው በዚሁ በኢትዮጵያ ምድር ነው፤ የዳሎልም መሬት ይታያል። የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ከበረ ዕቃ ሲታይ አይተን ተገረምን። ይህ ሁሉ ታሪክ ከመርከቡ ሥር መሆኑ ለእኛ ወገን ጥሩ ምስክር ነው።

በ«ራሴላስ» ውስጥ አንድ ሌላ ሰው ረስተናል። ይኸውም ብዙ ዘመን ብቻውን ከዋክብትን ሲመረምር ኖሮ፣ ዝናምንና ወቅትን የማዝ እኔ ነኝ ብሎ ያመነው የካይሮ ሊቅ ነው። ምስኪኑ ሰው ለአንዱ አገር ዝናም ሲሰጥ ሌላውን እንዳይበድል ይጨነቃል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ. ም. ከቻይና ወደ ሰማይ የወጣችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት፣ ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል የሆነው፣ የተላከችው እርሻንና የአየር ጠባይን እንድትመለከት ነበር። ዝናም ማዘዝ አትችልም፤ ከላይ ሆና ታይ ነበር እንጂ።

እዚህ ላይ አንዲት የጠፈር ወገን ጓደኛችን ተነሥታ አስጨነቀችን። በኅዳር 1967 ዓ. ም. በአፋር በሐዳር የተገኘችውን ድንቅነሽን ፈረንጆች ሉሲ ይሏታል፤ በዚህ ስም የተጠራች የአሜሪካ መንኰራኵር በጥቅምት 2014 ዓ. ም. ተነሥታ ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ. ም. አንዲት ትንሽ የሰማይ አለት አጠገብ አለፈች። የአለቲቱ ስም ድንቅነሽ ነው። የምትዞራት ጨረቃም ተገኝታ፣ በዲኪካ በተገኘችው ሕፃን ስም ሰላም ተባለች፤ እርሷም ሁለት ተነካክተው የቆሙ ድንጋዮች ናት። ስሙ የእኛ፣ ቦታው ጠፈር፤ አሁን ለማን ትፈርዳላችሁ? አለችን።

ዝም አልን። ይኸው ጓደኛችን አሁን ታሪክ ጀምራለች። በድንቅነሽ ላይ አንዲት የዋጃ ልጅ ጣቢያ ትጠብቃለች፤ በመነጽሯም ከምዕራብ ተራሮች በላይ ደመና ሲከማች ታያለች። ወዲያው ለእናቷ «ጎርፍ መጣ፣ ቦዩን ክፈቱ» ብላ መልእክት ትልካለች። መልእክቱ በብርሃን ፍጥነት ቢበርም፣ ድንቅነሽ ስትቀርብ 10 ደቂቃ ገደማ፣ ስትርቅ ወደ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። የዚያን ዕለት ሩቅ ነበረች። እናቲቱ አካፋዋን ይዛ በማሽላው ዳር ቆማለች፤ ታሪኩ እስካሁን የደረሰው እዚህ ላይ ነው።