የቀለም ቀቢዎች ቡድን ኃላፊ ተግባርና ግዴታ በሮቤ፣ በጎባና በባሌ ደጋማ አካባቢዎች

የቀለም ቀቢዎች ቡድን ኃላፊ፣ በተለምዶ አጠራሩ ፎርማን፣ የዕለቱን ሥራ የሚመድብ፣ የቀለምና የመሣሪያ አጠቃቀምን የሚቆጣጠርና የሠራተኞችን ደኅንነት የሚከታተል ባለሙያ ነው። በባሌ ደጋ ከሁሉም የሚከብደው ኃላፊነቱ ግን ሥራው መቼ መቆም እንዳለበት መወሰን ነው።

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በበልግና በክረምት ዝናብ፣ በበጋ ደግሞ የሌሊት ውርጭ አለ። አብዛኞቹ የውሃ ቀለሞች የሙቀት መጠኑ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን በሚገባ አይደርቁም፤ ቆይተው ይላጣሉ ወይም እንደ ዱቄት ይረግፋሉ። ስለዚህ ጥሩ ኃላፊ ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹን በውስጥ ክፍሎች ስቱኮ በመሙላትና በብርጭቆ ወረቀት በማሸት ያሰማራል፤ የውጭውን ግድግዳ የሚያስቀባው ፀሐይ ጤዛውን ካደረቀችው በኋላ ሲሆን፣ የምሽቱ ቅዝቃዜ ከመግባቱ በፊትም ያስቆማል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀናት ሳይቆይ አይቀባም። «ለበዓል ይድረስልኝ» የሚል የቤት ባለቤት ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል፤ ሁለተኛ የማስቀባት ወጪው የራሱ ነውና።

ጥድፊያው የሚያደርሰው ጉዳት በቀለሙ ላይ ብቻ አይደለም። ዝናብ ያረጠበው የባሕር ዛፍ መወጣጫ ያንሸራትታል፤ የላላ ማሰሪያም አይታመንም። ኃላፊው በየዕለቱ ሰው ከመውጣቱ በፊት መወጣጫውን መፈተሽ፣ ጉድለት ሲያገኝም ሥራውን ማገድ ይገባዋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአደጋ መከላከያ መሣሪያዎችን ማቅረብና አጠቃቀማቸውን ማስረዳት የአሠሪው ግዴታ ነው። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በመርህ ደረጃ ተጠያቂ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን በዚህ አይሸፈንም።

ክፍያው በቀን ይሁን በካሬ ሜትር፣ የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ይዘት የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ፣ ቆርቆሮ ለማቀበል እንኳ ቢሆን፣ መቅጠር የተከለከለ ነው።

ኃላፊው ቀለም ሲረከብ የእርሳስ መጠኑን ከማሸጊያው ላይ ማጣራት ይኖርበታል፤ በአገራችን የተፈቀደው ጣሪያ በሚሊዮን 90 ክፍል ነው። አሮጌ የዘይት ቀለም ሲፋቅ አቧራው እንዳይነሳ ግድግዳውን ማርጠብ፣ ሕፃናትንም ከአካባቢው ማራቅ ያስፈልጋል።

ጉዳት የደረሰበት ወይም ክፍያው የተከለከለበት ሠራተኛ የሥራ ውሉን ወይም ተተኪ ማስረጃውን ይዞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚከታተለው የከተማው ወይም የወረዳው ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል። በጽሑፍ የተያዘ ነገር ከሌለ አብረውት የሠሩ ሰዎች ምስክርነት ይረዳዋል።