የደስታ በሽታና የተገራው ቫይረስ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ ደጋውን ሲይዝ ኢተያን ያገኛል። ዛሬ በዚያ አካባቢ ለተጓዥ ጎልቶ የሚታየው የስንዴ ማሳ ነው። ይሁንና የአርሲ ሕዝብ ኑሮ ከስንዴው አስቀድሞ በከብት ላይ የቆመ እንደ ነበር ሊዘነጋ አይገባውም። የከብት በሽታ ታሪክም በዚህ አገር የሰው ሕይወት ታሪክ ነው።

ከበሽታዎቹ ሁሉ የከፋው ስሙና ግብሩ ፈጽሞ የማይገናኘው የደስታ በሽታ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል ገብቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ። በሬው ሲያልቅ መሬቱ ጦም አደረ፤ የተከተለውም ረሃብ «ክፉ ቀን» ተብሎ በትውልድ ሲነገር ኖረ።

ለዚህ በሽታ አስተማማኝ ክትባት የተገኘው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ የሠሩትም በኬንያ፣ ሙጉጋ ይመራመሩ የነበሩት ዋልተር ፕላውራይት ናቸው። ቫይረሱን በሕዋስ እርባታ ደጋግመው በማሳለፍ ጉልበቱን አደከሙት። ክትባቱ በደብረ ዘይት በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም ተመርቷል። ነገር ግን አንድ ብርቱ ጉድለት ነበረበት፤ ይኸውም ቅዝቃዜ ከተለየው መበላሸቱ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቆላ እየተሰደደ ለሚኖረው መንጋ ሊደርስ አልቻለም።

ይህን ጉድለት ለማስወገድ ከተነሡት መካከል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪስ፣ ያስተማሩት ትውልደ ኢትዮጵያዊው የእንስሳት ሐኪም ፕሮፌሰር ጥላሁን ይልማ ይገኙበታል። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ለፈንጣጣ ክትባት ያገለግል የነበረውን፣ ሙቀት የሚችለውንና ቆዳን በመጫር ሊሰጥ የሚችለውን የቫክሲኒያ ቫይረስ መረጡ። በእርሱም ውስጥ ከደስታ ቫይረስ ዘረመሎች ሁለቱን በየተራ አስገቡ። እ.ኤ.አ. በ1988 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት እንደ ገለጹት፣ የተከተቡት ከብቶች ከገዳዩ መጠን ሺህ እጥፍ የሚሆን ቫይረስ ተሰጥቷቸው በሽታውን ተቋቋሙ። በሽታ አምጪ ሆኖ የሚታወቀው የቫይረስ ወገን በሰው እጅ ተሰናድቶ የመድኃኒት ተሸካሚ ሆነ።

ይሁን እንጂ የደስታ በሽታን ከምድር ያጠፋው ይህ አዲስ ክትባት አልነበረም። በዚያው ዘመን የፕላውራይት ክትባት በደረቅ መልክ ሲዘጋጅ ሙቀትን ለሳምንታት እንዲችል ተደረገ። በአፋርም ከማኅበረሰቡ መካከል የሠለጠኑ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ተሸክመውት ከመንጋው ጋር ተጓዙ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ በ1988 ዓ.ም. ታየ፤ አገሪቱ በ2000 ዓ.ም.፣ ዓለምም በ2003 ዓ.ም. ከበሽታው ነጻ መሆናቸው ታወጀ።

ይህ የጥላሁንን ድካም ከንቱ አያሰኘውም፤ የሥራው መንገድ በሌላ በኩል ቀጥሏል። በ2013 ዓ.ም. ለኮቪድ በኢትዮጵያ መሰጠት የጀመረው የአስትራዜኔካ ክትባት የተሠራው ዘረመል በተጨመረበት የቺምፓንዚ አዴኖቫይረስ ነው። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ደግሞ ዘረመል የሌለው ባዶ የቫይረስ ቅርፊት ነው። ስፋቱ ሃምሳ ናኖሜትር ያህል ነው፤ አንድ ናኖሜትርም የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ዛሬ ተመራማሪዎች እንዲህ ባለ ቅርፊት ውስጥ የካንሰር መድኃኒት ጭነው ወደ ዕባጩ ለማድረስ ይሞክራሉ፤ ጥራጥሬን የሚያጠቃ አንድ ቫይረስም ካንሰር በያዛቸው ውሾች ላይ ተፈትኗል።

የሴት ልጆቹ ክትባት ግን ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊጠበቅ ይገባዋል። የደስታ ቫይረስ ዘመድ የሆነው የደስታ መሰል በሽታም በግና ፍየል እየገደለ ይገኛል፤ ዓለም እርሱን ለማጥፋት የቆረጠው ቀን እ.ኤ.አ. 2030 ነው። ለዚህም አዳዲስ የተሰናዱ ክትባቶች በመመርመር ላይ ናቸው። የደስታ በሽታ ታሪክ ለባለሙያው የተወለት ትምህርት ግልጽ ነው፤ ከማንኛውም አዲስ ክትባት ብልቃጥ ጋር ማን ተሸክሞት እንደሚሄድ፣ በምን ሙቀትና እስከ የትኛው ቀበሌ እንደሚደርስ አብሮ ሊታሰብ ይገባል። በኢተያ ደጋ በጎቹን የሚጠብቀው አርቢ የሳይንሱን ውጤት የሚያውቀው ብልቃጡ ከደጁ ሲደርስ ነው።